በአባቱ ያስማልኩት ልጅ

ከክሊኒክ ሥራ ከለቀቅሁ ስምንት ወር ሆነኝ። አሁን የምሠራው ከመንገድ ቀያሾች ጋር ነው። ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም እንጨት ይዤ፣ መሐንዲሱ በመነጽሩ አነጣጥሮ አይቶ እጁን እስኪያወርድ ድረስ ሳልነቃነቅ እቆማለሁ። ሥራው ይስማማኛል። እንጨቱ ከዘመመ ወዲያው ይጮኹብኛል፣ አቃናለሁ፣ አለቀ። በኔ ስህተት የሚታመም ሰው የለም።

ቡታጅራ ውስጥ ግን ስለ መልቀቄ ሦስት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንዱ ደመወዝ አንሶት ነው ይላል። ሌላው ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ደም ማየት አልችል ብሎ ነው ይላል። ደመወዙ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ኃላፊዬም ከታካሚው ይልቅ የወረቀቱን ማኅተም አብልጦ የሚያይ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ደምም ፈርቼ አላውቅም። የለቀቅሁት ሸምሱ በሚባል አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ምክንያት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በኔ ቦታ ቁስል እንዲያጥብና መርፌ እንዲወጋ የተቀጠረው አዲሱ ድሬሰር ነው። ባለፈው ወር ገበያ መሀል አገኘኝና፣ «እነዚያ ሲጃራ የሚያጨሱ ተማሪዎች ሲመጡብህ ምን ትላቸው ነበር?» አለኝ። በርበሬ የጫኑ አህዮች በመካከላችን አለፉና መልስ ሳልሰጠው ተለያየን። በጊዜው ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ሥራ የጀመርኩት ወልቂጤ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ስለነበር የተቀጠርኩት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። ወለል አጥባለሁ፤ ፕሪሙስ ለኩሼ መርፌና ስሪንጅ እቀቅላለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ዋናው ድሬሰር ጋሽ ደምሴ ደብተሩን አንሥተው ገለጡት። የምባረር መስሎኝ መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ። እሳቸው ሦስት ገጽ ያህል አነበቡና፣ «ይቺን ቃል ተሳስተሃል» ብለው በእርሳስ አርመው መለሱልኝ። በማግስቱ ቁስል ሲያጥቡ አጠገባቸው እንድቆም ጠሩኝ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን የያዘው ሌላ ሰው ነው።

ጋሽ ደምሴ የወሎ ሰው ናቸው። ሕክምናውን የተማሩት ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። ጢማቸው ትልቅ ነበር፣ ድምፃቸው ትንሽ። መርፌ ከመውጋታቸው በፊት ብልቃጡን በመዳፋቸው ይዘው ያሞቁታል፤ «ቀዝቃዛ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ያማል» ይላሉ። ማዳመጫውንም እንዲሁ በእጃቸው ሳያሞቁ የሰው ደረት ላይ አያሳርፉም። በሽተኛ ሲናገር አይጽፉም። ተናግሮ ሲጨርስ፣ ዝም ብለው ትንሽ ይጠብቁታል። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው በዚያች ዝምታ ውስጥ መሆኑን ያየሁት እሳቸው ዘንድ ነው።

ወልቂጤ ቆላማ ናት፣ ወባ አለ። ራሴን አመመኝ ብሎ የመጣውን ሁሉ ወባ ነው ብሎ ማሰብ ልማድ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከተማሪዎቹ መካከል ራሳቸውን የሚያማቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ተራ ሲጠብቁ የሚነጫነጩ ወንዶች ልጆች ይበዛሉ። ማክሰኞ ይጠፋሉ። ስማቸውን አምስት ሳምንት በተከታታይ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ነበሩ። የወባ ኪኒንም ሰጥቻቸዋለሁ። ግኝቴን ይዤ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩና፣ «የሰኞ ወባ የሚባል ነገር ሳይኖር አይቀርም» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «የሰኞ ወባ! ይሄንንስ ለሚኒስቴሩ መጻፍ ነው። እስቲ ክፍሌ፣ እነዚህ ልጆች ቅዳሜና እሑድ የት ነው የሚውሉት?»

«ገጠር። ወላጆቻቸው ዘንድ ነው የሚሄዱት።»

«ሰኞስ?»

«ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በእግራቸው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት።»

«እንግዲህ ሁለት ቀን ሙሉ በአባታቸው ዓይን ሥር ናቸው። ከተማ ውስጥ የሚያደርጉት፣ እዚያ የማያደርጉት ምንድነው?»

ገባኝ። ፊቴ ጋለ። የሲጃራ ጥማት ያንቀጠቀጣቸውን ልጆች የወባ ኪኒን ሳውጣቸው ነበር የከረምኩት። «አትፈር» አሉኝ። «ስማቸውን መጻፍህ ደግ ነው። አሁን ደግሞ እጃቸውን ጨብጥ።»

ጋሽ ደምሴ ወጣት ሲመጣ ተነሥተው እጁን ይጨብጡታል። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው በመከበሩ ደስ ይለዋል። እሳቸው ቀጥለው ጢማቸውን የሚዳብሱ መስለው መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ሎሚ ከሸተታቸው ሲጃራ ነው፤ ምክንያቱም የአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጅ በሌላ ምክንያት ጣቱን በሎሚ አያሽም። አባት አብሮ ከመጣ ካርድ እንዲያስጽፍ ወደ ውጭ ይልኩታል። «ታጨሳለህ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «በቀን ስንት?» ነው የሚሉት፣ የሚበላውን እንጀራ እንደሚጠይቅ ሰው። ልጁም ሳያስበው ቁጥር ይናገራል። ከዚያ ክብሪት ይጭሩና በአንድ ስንዝር ርቀት ይዘው፣ «ከንፈርህን ሳታሾል፣ አፍህን ከፍተህ አጥፋው» ይሉታል። ብዙ የሚያጨስ ልጅ ወዲያው አያጠፋውም። እሳቱ ወደ ጣታቸው ሲቀርብ ልጁ ራሱ ይደነግጣል። ምክር አይጨምሩበትም። «በሚቀጥለው ሳምንት መጥተህ ቁጥሩን ንገረኝ» ብቻ ይሉታል።

«ካልቀነሰስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አልቀነስኩም ይለኛላ።»

«ዝም ይሉታል?»

«ልጁ ከፈራህ ይዋሽሃል። ከዋሸህ ደግሞ የምታክመው እሱን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው፣ የሌለ ሰው።»

ይህን ሰማሁ፤ ጻፍኩትም። መጻፍና ማወቅ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል ከሠራሁ በኋላ በድሬሰርነት ተመድቤ ወደ ቡታጅራ እንድዛወር ደብዳቤ መጣ። ሁለቱ ከተሞች በካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የጉራጌ ተራራ አለ። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ወጥቼ እንደገና ወደ ደቡብ ወረድኩ። በጉዞው ሁሉ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር፤ እንግዲህ ስሳሳት በእርሳስ የሚያርመኝ የለም።

ቡታጅራ ላይ መርፌ የሚቀቀልበትን ውኃ ፈልቶ ሳየው እንኳ አላምነውም ነበር። ሰዓቴን አውጥቼ ሃያ ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ አምስት እጨምራለሁ። ከሥራ ወጥቼ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ፕሪሙሱን ማጥፋቴን ለማየት የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ዘበኛው፣ «ዛሬም ረሳህ?» ይለኛል። ረስቼው አላውቅም።

ሸምሱ የመጣው ከአባቱ ጋር ነው። አባቱ አቶ ሙዘይን ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ የመስቃን መንደር ውስጥ በርበሬ ያመርታሉ፤ ያመረቱትንም ራሳቸው ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ ቃላቸው የተመጠነ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐኪም። ልጄ ሁለት ወር ሳለ። ማር ሰጠን፣ ፌጦ ሰጠን፣ አልተወውም።»

ልጁን ጨበጥኩት። ሎሚ ሸተተኝ፤ ከሎሚው ሥር ደግሞ ቅርንፉድ። ጣቶቹ ግን ንጹሕ ነበሩ። አባቱን ካርድ እንዲያስጽፉ ላክኋቸውና፣ «በቀን ስንት?» አልኩት።

«ስንት ምን፣ ጋሼ?»

«ሲጃራ።»

ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ሳቅ አለ። ሲስቅ ጎኑን በእጁ ይዞ ነው። «ጣቴን አይተህ አይደለም ያወቅኸው። በስንጥር ነው የምይዘው፣ ጣቴ እንዳይቀላ።»

«ብልህ ነህ። ስንት?»

«ስምንት። ፈተና ሲኖር አሥር። አንተስ በቀን ስንቴ ነው ከንፈርህን የምትነክሰው? ከገባሁ ጀምሮ ልትጨርሰው ነው።»

ከንፈሬን ለቀቅሁ። ያን ዕለት ወደድኩት።

በወር አንድ ጊዜ የሚመጣው ዶክተር ደረቱን አዳምጦ፣ አክታውን አዲስ አበባ አስልኮ አስመረመረው። የሳንባ ነቀርሳ ነው። በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ስልሳ ቀን ሳይቋረጥ፤ ከዚያ ከዓመት በላይ ኪኒን። ዶክተሩ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። መርፌው ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ሲጃራው ካልቀረ ደግሞ የተጎዳው ሳንባ አይጠግግም። ሁለቱንም ትእዛዝ እኩል አድርጌ ያዝኳቸው። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ እኩል አልነበሩም።

ሸምሱ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይመጣ ነበር። የመርፌውን ዱቄት በተጣራ ውኃ በጥብጬ፣ ብልቃጡን በመዳፌ አሞቅና፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ እወጋዋለሁ። ከካርዱ ሌላ ለሱ ብቻ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ በአንድ በኩል የመርፌው ቁጥር፣ በሌላ በኩል የሲጃራው። ስምንት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት። እየወጋሁት ያወራኛል።

«መቼ ጀመርክ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ አልጀመርኩም፣ አባቴ ነው ያስጀመረኝ።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። «ወላሂ። ጋያ ይጠጣል አይደል? ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ፣ 'ሸምሱ፣ እሳት' ይለኛል። ፍሙን አምጥቼ ትምባሆው ላይ አስቀምጣለሁ። ግን ካልሳቡት አይያዝም። 'ሳብ ሳብ አድርገህ አያይዘው' ይለኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ሳልኩ፣ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኋላ አልሳልኩም፣ አመሰገኑኝ።»

«ሲጃራ ማጨስህን ቢያውቁስ?»

«ይገለኛል! ጋያኮ የሽማግሌ ነው፣ የቤት ነው። ሲጃራ የዱርዬ ነው።»

በአምስተኛው ሳምንት ሳሉ ቀነሰ፤ ሁለት ኪሎ ጨመረ። የሲጃራው ቁጥር ወደ ሁለት ወረደ። ጋሽ ደምሴ ቢሆኑ ሁለትን አይተው ብልቃጣቸውን ማሞቅ ይቀጥሉ ነበር። እኔ ግን ሁለት አላስተኛ አለኝ። ስድስት ቀን ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ማየት ፈለግሁ። የቀረው ሃያ ሦስት መርፌ ብቻ ነበር፤ መርፌው ሲያልቅ በየቀኑ መምጣቱ ይቀራል፣ ከዚያ ማን ይጠይቀዋል እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ሠላሳ ሰባተኛውን መርፌ የወጋሁት ዕለት፣ «ዛሬ ማልልኝ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ከነገ ጀምሮ አንድም እንዳታጨስ።»

«ወላሂ አላጨስም» አለ ሱሪውን እያስተካከለ።

«ወላሂማ ገበያ ውስጥ በርበሬ ሻጭም ይላል። ከልብህ ማል።»

«በምን ልማል ታዲያ?»

«በአባትህ።»

ሳቀ፤ ከዚያ አለመቀለዴን አይቶ ተወው። «ሼኹ በሰው አይማልም ብለውናል፣ ጋሼ።»

«እኔ ሼኽ አይደለሁም። አባትህን ትወዳቸዋለህ? እንግዲያው ማል። ያኔ አታፈርሰውም።»

ረጅም ጊዜ ወለሉን አየ። ዝምታውን አየሁት፤ ግን ጋሽ ደምሴ እንደሚጠብቁት አልጠበቅሁትም። «እህ?» አልኩት። እጄ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«አባቴ ይሙት» አለ፣ ለመሰማት በማይበቃ ድምፅ።

እኔም ገና ባልመጣው ቀን ላይ፣ በእርሳስ፣ ዜሮ ጻፍኩ።

በማግስቱ መጣ፣ አላጨስኩም አለ። በሁለተኛው ቀንም መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀልድ የለም፤ ከንፈሬን ስነክስ እንኳ ምንም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን መርፌውን ተወግቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ። አርባ መርፌ። በአራተኛው ቀን አልመጣም።

ገበያ ይሆናል አልኩ። በአምስተኛው ቀን ዝናብ ይሆናል አልኩ። በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አራት ሰዎች አቶ ሙዘይንን በቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ትኩሳት፣ አጭር ትንፋሽ፣ የጎን ውጋት፤ ደረታቸውን ሳዳምጥ በቀኝ በኩል ጨው በእሳት ላይ እንደሚንጣጣው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የሳንባ ምች ነው። ፔኒሲሊን እያዘጋጀሁ ከተሸካሚዎቹ አንዱን፣ «ሸምሱስ?» አልኩት።

«ልጁ አበደ፣ ሐኪም። አባቱ ብርድ ብርድ ያለው ዕለት፣ 'እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ' እያለ ጮኸና ሮጠ። ምን አደረግህ ቢሉት አይናገርም። ከዚያ ወዲያ አልታየም።»

ስሪንጁን አስቀመጥኩት። እጄን እንደገና ታጠብኩ፤ ሳያስፈልግ ለሁለተኛ ጊዜም ታጠብኩ። አጭሷል። አንድ ይሁን ግማሽ አላውቅም፤ አጭሷል። በማግስቱ አባቱ ታመሙ። በሸምሱ ልብ ውስጥ ከዚህ ሌላ ምን ሊኖር ይችላል?

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ስድስት ቀን ዝም አልኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት በሽተኛን ማስደንገጥ አይገባም የሚል ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። በየአራት ሰዓቱ ፔኒሲሊን ስወጋቸው፣ ሰውዬው ከሞቱ ልጁ ሙሉ ዕድሜውን አባቱን እንደገደለ ይኖራል፣ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ እያልኩ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። አርባ። ሠላሳ ስድስት። እንደገና አርባ። በደቂቃ ሠላሳ ሲገባ ውጭ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሸምሱ እንሴኖ ገበያ፣ አንድ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ መታየቱ ተሰማ። ዘመዱ ሊያመጣው ሄደ፣ ባዶውን ተመለሰ። «ከሩቅ ሲያየኝ ጆሮውን ይዞ በማሳው ውስጥ ሮጠ» አለ። «ስሙን ብጠራው፣ 'አትንገረኝ፣ አትንገረኝ' ይላል። ጂን ይዞታል።»

ጂን አልነበረም። ዘመድ ሳይጠራ፣ በሥራ ቀን፣ ያን ያህል መንገድ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ልጁ የሸሸው መርዶ ነው። ማንም ቢሄድ ይሸሻል። ይህ ከገባኝ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አቶ ሙዘይን ትራስ ተደግፈው አጥሚት ሲጠጡ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስንጥሩን፣ ስምንቱን፣ ሁለቱን፣ መሐላውን።

ጽዋውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ሲጃራውን አውቃለሁ» አሉ። «አፍንጫ አለኝ። እሳት አምጥተህ ሳብ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በምን አፌ እቆጣለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ይሄኛውን ግን አላወቅሁም። የኔን ሞት ልጄ አፍ ውስጥ ያስቀመጥከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በአላህ ቢምል፣ አላህ ይምረው ነበር። በኔ ከማለ ማን ይማረው? እኔ ደግሞ መማሉን አልሰማሁም።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጋሪ ፈልግ፤ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አሉኝ።

ገና አልዳኑም ብዬ ተከራከርኩ። ኃላፊዬም ያለ መውጫ ወረቀት አይሆንም አለ። ወረቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ጻፈልን። በጋሪ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ጎናቸውን ይይዛሉ፣ እኔም ክንዳቸውን ይዤ የልብ ምታቸውን እቆጥራለሁ። «ተወው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ብትቆጥረውም ባትቆጥረውም ያው ነው።»

ሸምሱ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ የተሰበረውን ከደህናው በርበሬ ይለይ ነበር። አቧራው ከውጭ ላለን ሰዎች እንኳ ጉሮሮ ይይዛል፤ እሱ አፉን በጨርቅ አስሯል። ከስቶ ነበር። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ ተነሣ፣ ሊሮጥ ዞረ። አባቱ ከጋሪው ላይ ሳይወርዱ ጠሩት።

«ሸምሱ!»

ቆመ። አልዞረም።

«ና ንካኝ።»

ቀስ ብሎ መጣ። ቁሞ ያያቸዋል፤ አይጠጋም። አባቱ እጃቸውን ዘረጉለት። በበርበሬ የቀላ ጣቱን የእጃቸው ጀርባ ላይ አሳረፈ፣ አነሣ፣ እንደገና አሳረፈ።

«ሙቅ ነው?»

«ሙቅ ነው፣ አባ።»

«በል ጋሪው ላይ ውጣ። ዝናብ ሳይመጣ።»

በመንገዱ ሁሉ ሳለ። የሳለበት ጨርቅ ላይ ደም አየሁ። እሱም እንዳየሁ አይቶ አጠፈው።

አርባ መርፌ ከወሰደ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አቋርጧል። ዶክተሩ ሲመጣ እንደገና አስመረመረው፤ በሽታው በሁለቱም በኩል ነበር፣ መርፌውንም ለምዶታል ብሎ ፈራ። አዲስ አበባ ሳንባ የሚታከምበት ሆስፒታል እንዲገባ ጻፈለት። ከመሄዱ በፊት መሐላው እንደቀረ፣ በሽታ ከቃል እንደማይመጣ፣ የአባቱ ምች በዚያ ሰሞን ስንቱን ሰው እንደያዘ አስረዳሁት። አባቱም፣ «ፈትቼሃለሁ» አሉት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ያመነ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ክሊኒክ ውስጥ አምስት ወር ሠራሁ። ተማሪ ሲመጣ እጁን እጨብጣለሁ፣ ሎሚው ይሸተኛል፣ «ስንት?» ማለት ያቅተኛል። ቁጥሩን ከነገረኝ ደግሞ ምን እንደማደርግበት አላውቅም። አንዱን ልጅ ምንም ሳልጠይቀው በሳል መድኃኒት ብቻ ሸኘሁት። የዚያን ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ። ወልቂጤ ሄጄ ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው አልገሠጹኝም። ተናግሬ ስጨርስ ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ የምጨምረው ነገር አልነበረኝም።

የሸምሱ የመጀመሪያ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀያሾቹ ጋ ከገባሁ በኋላ ነው። ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አልጋው መስኮት አጠገብ መሆኑን፣ ሲጃራ ከአትክልተኛው እየተቀበለ በቀን አንድ እንደሚያጨስ፣ አሥራ አንድ ቀን ትቶ በአሥራ ሁለተኛው እንደጀመረ፣ ለነርሷም ይህንኑ እንደነገራት ጻፈልኝ። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ያጨስኩ ቀን አባቴ ደህና አይመስለኝም። አንተም እሱም መሐላው ቀርቷል ብላችሁኛል፤ በቀን አምነዋለሁ። ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነን ይላል። እንደዚያማ ሰው ሞቶም ይጻፋል፣ ሩቅ ላለ ሰው ማን ይነግራል? አንተ ግን ሳታይ አትጽፍም። ሂድና በዓይንህ እየው። ያየኸውን ጻፍልኝ።»

በወር አንድ እሑድ እሄዳለሁ። አቶ ሙዘይን ለምን እንደምመጣ ያውቃሉ። ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ዞር ይላሉ፣ ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ሰው። «አየኸኝ? እንግዲህ ጻፍ» ይላሉ። እኔም እጽፋለሁ። ኮፍያቸው አዲስ መሆኑን፣ የታችኛው ማሳ በርበሬ መቅላቱን፣ ቆጮውን በጎመን በልተው ሌላ መጨመራቸውን፣ ጋያውን አራት ቀን ትተው በአምስተኛው ቀን፣ «የልጄ ነገር ገባኝ» ብለው መመለሳቸውን ሁሉ ጽፌለታለሁ። ሸምሱ እያንዳንዱን ነገር ይመረምራል። አንድ ጊዜ፣ እያረሱ ነው ብዬ የቱን በሬ እንደያዙ ስላልጻፍኩ ሁለት ሳምንት ተጨንቆ ነበር።

ባለፈው እሑድ ስሄድ ሳሉ። እንደ ድሮው የጋያ ሳል አይደለም፤ ከሥር የሚመጣ ነው። ተቀምጠው ነበር፣ ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፣ ሳሉ፣ ተቀመጡ። ማዳመጫ የለኝም። ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ አሳረፍኩ፤ በቀኝ በኩል የሰማሁት ነገር አለ፣ ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ነገ ክሊኒክ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። እሺ አሉ።

ስወጣ በሩ ላይ ቆምኩ። የምጠይቀውን ያወቁት ይመስለኛል።

«ጻፈው» አሉኝ።

«ከደነገጠስ? ተነሥቶ ቢጠፋስ? ሕክምናውን ሊጨርስ ሦስት ወር ነው የቀረው።»

«ይደነግጣል» አሉ። «ይሄን ከደበቅኸው ግን ሌላውን ሁሉ፣ በሬውንም፣ ኮፍያውንም አያምንህም። ያኔ በምን ሊያየኝ ነው?»

ወደ ቀያሾቹ ካምፕ ተመልሼ ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። በአራተኛው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አባትህን ዛሬ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ከበሩ በስተግራ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ነክቻለሁ፣ ሙቅ ነው። እኔ ባለሁበት አራት ጊዜ ሳሉ።